አሮጌዋ አልፋ ዘጠኝ የጀርመን መኪኖችን ያሸነፈችበት ቀን

ፎርሙላ ዋን የምትከታተሉ ልጆች ይቺን ክርክር ታውቋታላችሁ፦ የሚያሸንፈው መኪናው ነው ወይስ ሹፌሩ? ሃሚልተን ከመርሴዲስ ወደ ፌራሪ የሄደ ጊዜ ይሄው ጥያቄ ተነሳ፤ ቨርስታፐን ባሸነፈ ቁጥርም ይነሳል። የመጨረሻ መልስ ያለው አይመስለኝም። ግን "ሹፌሩ ነው" የሚሉት ሰዎች ሁሌ የሚጠቅሷት አንዲት ውድድር አለች። የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና ራሱ ከመጀመሩ 15 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 28 ቀን 1935 ጀርመን ውስጥ የተካሄደች። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 21 ቀን 1927 ዓ.ም. ማለት ነው።

ቀኑን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን። ያ ክረምት ለኛ ተራ ክረምት አልነበረም።

በአጭሩ የሆነው ይሄ ነው፦ ዘጠኝ የጀርመን መኪኖች፣ በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ሕዝባቸው ፊት፣ የናዚ ባለሥልጣናት ዋንጫ ይዘው እየጠበቁ፣ በአንድ የ42 ዓመት አጭር ሰውዬ እና በአንዲት አሮጌ ቀይ አልፋ ሮሜዮ ተሸነፉ። ሰውዬው ጣልያናዊው ታዚዮ ኑቮላሪ ነው።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ "ተአምር" ወይም "ዕድል" እየተባለ ይነገራል፤ ምክንያቱም ሲመራ የነበረው መኪና ጎማው የፈነዳው በመጨረሻው ዙር ላይ ነው። እኔ ግን ዕድል ነው ብዬ መቀበል ያቅተኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ መኪኖቹ። በዚያ ዘመን የውድድር ሕጉ አንድ መኪና ያለ ሹፌር፣ ያለ ነዳጅና ያለ ጎማ ከ750 ኪሎ መብለጥ የለበትም ይል ነበር። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሐሳባቸው መኪኖቹን ማቀዝቀዝ ነበር፤ ቀላል መኪና ትልቅ ሞተር አይሸከምም ብለው። ጀርመኖቹ ግን ተቃራኒውን አደረጉ። ቀላል ብረት ተጠቅመው አካሉን አቀለሉት፣ ከዚያ የተረፈችውን ኪሎ በሙሉ ለሞተር ሰጧት። ገንዘቡስ ከየት መጣ? ሂትለር በ1933 ሥልጣን እንደያዘ መንግሥቱ ለውድድር መኪና ሥራ ድጎማ መስጠት ጀመረ። ተካፋዮቹ ሁለት ነበሩ፦ መርሴዲስ ቤንዝ እና አውቶ ዩኒየን። አውቶ ዩኒየንን የማታውቁት ከሆነ፣ ዛሬ አውዲ ላይ የምታዩዋቸው አራት ቀለበቶች የሱ ናቸው፤ አራት ኩባንያዎች ተዋህደው የፈጠሩት ድርጅት ነበር።

አውቶ ዩኒየን ላይ ያለው ሞተር 16 ሲሊንደር ነው፤ እሱም ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጦ። ዛሬ ሁሉም የፎርሙላ ዋን መኪና ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ያኔ ግን እብደት ይመስል ነበር። የመርሴዲሱም የአውቶ ዩኒየኑም ጉልበት ከ350 የፈረስ ጉልበት በላይ ነበር። የብር ቀለም ስለነበራቸው "የብር ቀስቶቹ" የሚል ስም ወጣላቸው።

በዚህ በኩል ደግሞ አልፋ ሮሜዮ ፒ3። መጀመሪያ ለውድድር የወጣችው በ1932 ነው። በዚያን ጊዜ ተወዳዳሪ አልነበራትም፤ ግን ሦስት ዓመት በእሽቅድምድም ዓለም ብዙ ነው። ሞተሯን እያሰፉ እያሰፉ ወደ 265 የፈረስ ጉልበት አደረሷት፤ ከዚያ በላይ የሚለጠጥ ነገር አልነበራትም። የምትወዳደረው በስኩዴሪያ ፌራሪ ስም ነው። አዎ፣ ያው ፌራሪ! ኤንዞ ፌራሪ ያኔ የራሱን መኪና አይሠራም፤ የአልፋ ሮሜዮን መኪኖች ይዞ የሚያወዳድር የቡድን አለቃ ነበር። የሚዘለው ጥቁር ፈረስ ግን መኪኖቹ ጎን ላይ ተለጥፏል።

ስለዚህ በቀጥታ መንገድ ላይ ኑቮላሪ ምንም ተስፋ የለውም። ሲጥ ብሎ ነው የሚቀረው። ግን ውድድሩ ቀጥታ መንገድ ላይ አልነበረም።

ግራን ቱሪስሞ የተጫወታችሁ ኑርበርግሪንግን ታውቁታላችሁ። ያ ማለቂያ የሌለው፣ ጫካ ውስጥ የሚጠማዘዝ፣ አንዴ ከሳታችሁ በቃ የሚባልበት መንገድ። በ1927 የተከፈተ ነው። በዚያ ዘመን አንዱ ዙር 22.8 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ተራራ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ከ150 በላይ ኩርባ አለው። ከመንገዱ ዳር ዛሬ እንደምናየው መከላከያ የለም፤ ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ገደል ነው። ተወዳዳሪዎቹ ይሄንን 22 ጊዜ መዞር አለባቸው፤ በድምሩ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ። ያለ ቀበቶ፣ ያለ እውነተኛ ሄልሜት፣ ከአራት ሰዓት በላይ። ሰሌዳው ላይ የመኪናው ፍጥነት ትልቅ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ እዚህ መንገድ ላይ ግን 350 የፈረስ ጉልበት ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እግሩን ከነዳጁ ላይ አንስቶ ነው የሚነዳው። ልዩነቱ ይጠባል።

በዚያ ላይ ዝናብ ነበር። ጠዋት ጥሎ መንገዱን አርጥቦታል። እርጥብ መንገድ ላይ ትልቅ ጉልበት ጠላት ነው፤ ነዳጅ በረገጡ ቁጥር የኋላ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ደካማዋ አልፋ በዚህ ተጠቀመች።

አሁን ወደ ሰውዬው። ኑቮላሪ ማንቶቫ ከምትባል ከተማ አጠገብ በ1892 የተወለደ፣ መጀመሪያ በሞተር ሳይክል ስሙን ያስጠራ ሰው ነው። ቀጭን፣ አጭር፣ አገጩ ሹል። ሲነዳ ቢጫ ሹራብ ይለብሳል። ገብሪኤሌ ዳኑንዚዮ የሚባለው ዝነኛ የጣልያን ደራሲ በ1932 የወርቅ ኤሊ ሰጥቶት ነበር፤ በዓለም ፈጣን ለሆነው ሰው በዓለም ቀርፋፋዋን እንስሳ ማለቱ ነው። ኤሊዋ ምልክቱ ሆና ቀረች።

አነዳዱ ግን ኤሊ አይደለም። ኩርባ ላይ ሌሎቹ መኪናው እንዳይንሸራተት ሲጠነቀቁ፣ እሱ ሆን ብሎ ያንሸራትተዋል፤ አራቱም ጎማ እየተንሳፈፈ፣ በመሪው ሳይሆን በነዳጁ እየመራው ይወጣል። ዛሬ ድሪፍት የምንለው ዓይነት ነገር ነው፤ ያኔ ስምም አልነበረውም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከዚያ ውድድር በፊት ኑቮላሪ ራሱ አውቶ ዩኒየን መግባት ፈልጎ ነበር። አልተሳካለትም፤ እዚያ የነበረው የአገሩ ልጅ አኪሌ ቫርዚ እንዳልፈለገው ይነገራል። ከፌራሪ ጋር እንዲታረቅ ሙሶሊኒ ራሱ ጣልቃ ገብቷል ይባላል። ማለትም አልፋዋን የያዘው ወዶ ብቻ አይደለም።

የመነሻ ቦታ የተደለደለው በዕጣ ስለነበር ኑቮላሪ ፊት መስመር ላይ ደረሰው። ተነሱ። የመርሴዲሱ ሩዶልፍ ካራቺዮላ፣ "የዝናብ ንጉሥ" የሚሉት፣ ወዲያው መሪነቱን ያዘ። ኑቮላሪ በመጀመሪያው ዙር ሁለተኛ ቢሆንም ቀስ በቀስ ጀርመኖቹ አልፈውት ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ሁለቱ የቡድን ጓደኞቹ፣ ሺሮን እና ብሪቪዮ፣ ገና አጋማሽ ሳይደረስ መኪናቸው ተበላሽቶ ወጡ። ቀሪው አንድ አልፋ የሱ ነው።

ሁሉም እንደተጠበቀው እየሄደ ነው። ከዚያ ግን ኑቮላሪ መመለስ ጀመረ። አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ በ10ኛው ዙር አንደኛ ሆነ። እስከ 300 ሺህ ይሆናል ተብሎ የሚገመተው ተመልካች ዝም አለ።

ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው የሚያንገበግበው። በውድድሩ አጋማሽ ላይ መሪዎቹ በሙሉ ነዳጅ ለመሙላትና ጎማ ለመቀየር ተከታትለው ፒት ገቡ። የመርሴዲሱ ማንፍሬድ ፎን ብራውኪች በ47 ሰከንድ ጨርሶ ወጣ። መርሴዲሶች ይሄንን እንደ ወታደር ሰልፍ ተለማምደውታል፤ አለቃቸው አልፍሬድ ኖይባወር ለእያንዳንዱ መካኒክ ሥራውን ለይቶ የሰጠ ሰው ነበር። በአልፋ በኩል ግን ነዳጁን የሚገፋው ፓምፕ ተሰበረ። መካኒኮቹ በቆርቆሮ እየቀዱ በእጅ ማንቆርቆር ጀመሩ። ኑቮላሪ ከመኪናው ወርዶ ሲጮህባቸው አስቡት፤ ጀርመኖቹ አንድ በአንድ እየወጡ፣ እሱ ቆሞ ቤንዚን ሲንጠባጠብ ያያል። ሲነሳ 2 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ አልፏል። ስድስተኛ ሆኖ ነው የወጣው።

ዘመናዊ ፎርሙላ ዋን የለመድን ሰዎች 2 ደቂቃ ስንሰማ "በቃ አለቀ" ነው የምንለው። ዛሬ ጎማ የሚቀየረው በ2 እና 3 ሰከንድ ነው። ያኔም ቢሆን ማንም ሰው አለቀ ነበር የሚለው።

ኑቮላሪ ግን ጭራሽ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የወጣው። ብዙም ሳይቆይ አራት መኪና አልፎ ሁለተኛ ሆነ። ፊት ለፊቱ የቀረው ፎን ብራውኪች ብቻ ነው፤ ግን ከአንድ ደቂቃ በላይ ርቋል።

አሁን ጥያቄው ወደ ጎማ ይመጣል። እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ምክንያቱም ውድድሩ የተወሰነው እዚህ ነው።

መርሴዲስ ጉልበቱ ትልቅ ነው፤ ያ ጉልበት በሙሉ ወደ መንገዱ የሚደርሰው በሁለት ቀጫጭን የኋላ ጎማ በኩል ነው። ጎማው ይበላል። መንገዱ እርጥብ እያለ ብዙም አልነበረም፤ እየደረቀ ሲሄድ ግን ጎማው አስፋልቱን እየነከሰ በፍጥነት ማለቅ ጀመረ። ፎን ብራውኪች ደግሞ መኪናውን የማይራራለት ዓይነት ሹፌር ነው። የዕለቱን ፈጣን ዙር የነዳው እሱ ነው፤ 10 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ። ፈጣን ዙር ነፃ አይደለም፤ በጎማ ነው የሚከፈለው።

ከአንድ ደቂቃ በላይ እየመራ ሳለ ገብቶ ጎማ ቢቀይር ኖሮ ምናልባት አንደኛ ሆኖ ይወጣ ነበር። ግን በየዙሩ ኑቮላሪ ሰከንድ ይቀንሳል። በአንዱ ዙር ጥቂት፣ በሌላው ብዙ። መጨረሻው ዙር ሲጀመር ልዩነቱ ወደ 30 ሰከንድ ገደማ ወርዷል። አሁን ቢገባ? ፍጥነት መቀነስ፣ መቆም፣ ማንሳት፣ መቀየር፣ እንደገና መነሳት፤ ያቺ 30 ሰከንድ ትበላለች። ስለዚህ መርሴዲሶች የጎማውን ሁኔታ ቢያዩም መሪነቱን ከማጣት ይልቅ አንድ ዙር ይሸከማል ብለው ተወራረዱ። አንድ ዙር ብቻ። ግን አንዱ ዙር 22.8 ኪሎ ሜትር ነው።

ለዚህ ነው ዕድል የሚለውን የማልቀበለው። ጎማው በራሱ ጊዜ አልፈነዳም። ከኋላው የመጣችው አልፋ ብራውኪችን ቀስ ብሎ እንዲነዳ አልፈቀደችለትም፤ ፒት የሚገባበትን በርም ዘጋችበት። ኑቮላሪ ሁለት ደቂቃ አጥቶ እንኳ 6ኛ ላይ ተቀምጦ ቢቀር ኖሮ ፎን ብራውኪች ተረጋግቶ፣ ጎማውን አሳርፎ፣ እያፏጨ ይጨርስ ነበር።

በመጨረሻው ዙር፣ ካሩሰል በሚባለው ኮንክሪት ኩርባ አካባቢ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩ፣ የመርሴዲሱ የኋላ ጎማ ተተረተረ። ኑቮላሪ አልፎት ሄደ።

መጨረሻው መስመር ላይ ያለው ሕዝብ የሆነውን አላየም። የብር ቀለም መኪና ነው የሚጠብቁት። የመጣችው ቀይ ናት። 4 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፤ በአማካይ በሰዓት 121 ኪሎ ሜትር። የአውቶ ዩኒየኑ ሃንስ ሽቱክ ሁለተኛ ሲገባ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ አልፏል። ካራቺዮላ ሦስተኛ። ከ2ኛ እስከ 6ኛ ያሉት መኪኖች በሙሉ የጀርመን ናቸው። ፎን ብራውኪች ጎማው ተበጣጥሶ በቸርኬው እየተንገጫገጨ አምስተኛ ገባና አለቀሰ። እኔ ከሁሉም በላይ እሱ ነው የሚያሳዝነኝ።

የናዚው የሞተር ስፖርት ኃላፊ አዶልፍ ሁንላይን የጀርመንን ድል የሚያወሳ ንግግር አዘጋጅቶ ነበር ይባላል። አዘጋጆቹ የጣልያንን መዝሙር ሸክላ እንኳ በቅርብ አላስቀመጡም፤ ኑቮላሪ የራሱን ይዞ መጥቶ ሰጣቸው የሚል ወሬም አለ። ይሄኛው ለመቆንጀት የተጨመረ ሊሆን ይችላል፤ ጥሩ ታሪክ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ጌጥ አያጣም።

ግን ጀርመኖቹ ለምን ይሄን ያህል አፈሩ? በጣልያን መሸነፍ ያኔ በጠላት እንደመሸነፍ ነበር። ብዙዎቻችን ሂትለርና ሙሶሊኒ ከመጀመሪያው ወዳጅ የነበሩ ይመስለናል። አልነበሩም። ልክ ከዓመት በፊት፣ በጁላይ 1934፣ የኦስትሪያ ናዚዎች የአገሪቱን መሪ ዶልፉስን ሲገድሉ፣ ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ ኦስትሪያ ድንበር አስጠግቶ ነበር።

እና አሁን ወደ ያዝነው ቀን እንመለስ። ሐምሌ 21 ቀን 1927 ዓ.ም.። ኑቮላሪ ኑርበርግሪንግ ላይ ሲያሸንፍ የጣልያን መርከቦች በስዊዝ በኩል ወታደርና ጥይት ወደ ምጽዋ እያጓጓዙ ነበር። የወልወል ግጭት ካለፈ ወራት ሆኖታል። ጣልያኖቹ የሚጠብቁት ክረምቱ እስኪወጣ ነው። ከውድድሩ ሁለት ወር ትንሽ አልፎ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ መረብን ተሻገሩ።

አልፋ ሮሜዮም ዝም ብሎ የመኪና ስም አልነበረም። ከ1933 ጀምሮ የጣልያን መንግሥት ንብረት ነው፤ የአውሮፕላን ሞተርም ይሠራል። በኢትዮጵያ ላይ ከዘመቱት የጣልያን አውሮፕላኖች መካከል በአልፋ ሮሜዮ ሞተር የሚበሩ ነበሩ። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ደግሞ ይሄ ነው፦ በዚያው ሰሞን ሂትለር ሙሶሊኒ አፍሪካ ውስጥ ተጠምዶ እንዲቆይለት ስለፈለገ፣ ለኢትዮጵያ በድብቅ መሣሪያ ለመስጠት ተስማምቷል። ለኛ ብሎ አይደለም፤ ኦስትሪያን ለመዋጥ ጊዜ ፈልጎ ነው።

እኔ ይሄን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ ልቤ ከኑቮላሪ ጋር ነበር። ትንሹ ሰውዬ፣ አሮጌ መኪና፣ የተሰበረ ፓምፕ፤ ማን አይደግፈውም? ቀኑን ወደኛ አቆጣጠር ስቀይረው ነው ክው ያልኩት። አሁንም አነዳዱን አደንቃለሁ፤ ያቺን 30 ሰከንድ ያመጣት እግሩና እጁ እንጂ ሙሶሊኒ አይደለም። ለዚያች ባንዲራ ማጨብጨብ ግን እጄ አይታዘዝልኝም። በሌላኛው በኩል ያለው ባንዲራ ደግሞ ስዋስቲካ ነው።

ጀርመኖቹ በቀጣዮቹ ዓመታት ትልልቆቹን ውድድሮች አብዛኛውን ጠራርገው ወሰዱ። በ1936 ሮምና በርሊን ታረቁ። ፎን ብራውኪች ከጦርነቱ በኋላ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ እዚያ ኖረ፤ የሞተው በ2003 ነው። ኑቮላሪ ደግሞ በ1938 የጣልያንን ግራንድ ፕሪ ሞንዛ ላይ፣ በአገሩ ሰው ፊት አሸነፈ። አዲስ አበባ ያኔ በጣልያን እጅ ነበረች፤ አርበኞቹ በየጫካው ናቸው። በዚያ ቀን ኑቮላሪ የነዳት መኪና ቀይ አልፋ አልነበረችም። የብር ቀለም ያላት፣ ባለ አራት ቀለበቷ አውቶ ዩኒየን ነበረች።